ማሞግራፊ ታዘዘልዎ? ከቀጠሮው እስከ ውጤቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንዲት የ46 ዓመት እናት ግራ ጡታቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት አግኝተው ወደምሠራበት ተመላላሽ ክፍል መጡ። ገላቸውን ሲታጠቡ ነበር በእጃቸው የዳሰሷት። አታምም፤ ቆዳውም አልቀላም። መረመርኳቸውና ማሞግራፊ እና አልትራሳውንድ እንዲነሱ ማዘዣ ጻፍኩላቸው። ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ስለነበር «ይህን ተነስተው ውጤቱን ይዘው ይምጡ» ከማለት በቀር ምንም አልነገርኳቸውም። እርሳቸውም አልጠየቁኝም። ወረቀቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወጡ።

የተመለሱት ከሰባት ወር በኋላ ነበር። እብጠቷ የእንቁላል ያህል ሆናለች፤ ብብታቸው ሥር ያለው ንፍፊትም አብሮ አብጧል። ለምን እንደቆዩ ስጠይቃቸው «ዶክተር፣ ያንን ወረቀት ሲሰጡኝ ካንሰር ነው ያሉኝ መስሎኝ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ማሽኑ ጨፍልቆ ያፈነዳዋል፣ ያኔ በሰውነት ሁሉ ይሰራጫል አለችኝ። እንግዲህ ከልጆቼ ጋር ትንሽ ልቆይ ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

ሕክምናቸውን ጀመሩ። ነገር ግን ከሰባት ወር በፊት ቢሆን ቀለል ይል የነበረው ሕክምና ረጅምና ከባድ ሆኖ ጠበቃቸው። ጥፋቱን እርሳቸው ላይ ብቻ መጣል አልችልም። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ሰጥቼ ምርመራው ምን እንደሆነ ባስረዳቸው ኖሮ ምናልባት በሳምንቱ ይመለሱ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ያኔ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረውን ነው።

የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው ሲታወቅ፣ 670 ሺህ ያህሉ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሽታው ገና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚባክነው ግን እብጠቱ ከተገኘ በኋላ፣ በማዘዣው ወረቀትና በውጤቱ መካከል ነው።

ልየታ እና ምርመራ ምን ይለያቸዋል?

ማሞግራፊ የጡት ራጅ ማለት ነው። የሚነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ምንም ስሜት የሌላት ጤነኛ ሴት በሽታ ተደብቆ እንደሆነ ለማወቅ የምትነሳው ሲሆን፣ ይህ ልየታ ይባላል። ሁለተኛው አንድ ነገር ስለታየ ወይም ስለተዳሰሰ የዚያን ነገር ምንነት ለማጣራት የሚደረገው ነው። ሐኪሞች ምርመራ የምንለው ይህን ነው።

በሀገራችን ወደ ማሞግራፊ ክፍል የሚገቡት አብዛኞቹ ሴቶች በሁለተኛው ምክንያት የሚመጡ ናቸው። ጡት ወይም ብብት ውስጥ የተዳሰሰ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከአንድ ጡት ብቻ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ፣ በጡት ጫፍ ላይ የማይድን ቁስል ወይም ሽፍታ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ የጡት ቅርጽ ለውጥ ሐኪሙ ምርመራውን እንዲያዝ ያደርጉታል። ወንዶችም ቢሆኑ ነጻ አይደሉም። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ያህል ወንድ ስለሆነ፣ ጡቱ ላይ እብጠት ያገኘ ወንድም በተመሳሳይ መንገድ ይመረመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዙልኝ። ማዘዣው ካንሰር አለብዎት ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም። ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች፣ በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛው ፋይብሮአዴኖማ የተባለው ጉዳት የሌለው ዕጢ፣ በሚያጠቡ እናቶች ላይ የሚከሰት መግል ሁሉም እብጠት ሆነው ይዳሰሳሉ። የትኛው እንደሆነ በእጅ ዳሰሳ ብቻ መለየት ስለማይቻል ነው ምስል የሚታዘዘው።

ከመሄድዎ በፊት

ለማሞግራፊ መጾም አያስፈልግም። ምግብዎን በልተው፣ የዘወትር መድኃኒትዎን ወስደው መሄድ ይችላሉ። በዚያ ቀን ግን ዲኦድራንት፣ ፓውደር፣ ሽቶ ወይም ቅባት በብብትና በጡት ላይ አይጠቀሙ። በተለይ በዲኦድራንትና በፓውደር ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች በምስሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆነው ስለሚታዩ ከበሽታ ምልክት ጋር ይምታታሉ። እብጠቱ ላይ የባህል መድኃኒት ወይም ቅቤ ለጥፈው ከነበረ አጥበው ይሂዱ፤ የተቃጠለ ወይም የተበጣ ጠባሳ ካለም ሳያፍሩ ይናገሩ። ጠባሳ በምስል ላይ ሊያሳስት ስለሚችል ባለሙያው ማወቁ ይጠቅማል።

ከወገብ በላይ ብቻ ስለሚያወልቁ ቀሚስ ከሚለብሱ ይልቅ ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ቢለብሱ ይቀልዎታል። ሐብልና የጆሮ ጌጥ ይወልቃል። አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ እናቶች አውልቁት እንባል ይሆን ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መስቀሉን ወደ ጀርባ ማዞር ይበቃል፤ ለባለሙያዋ ብቻ ይንገሯት።

የወር አበባ የሚያዩ ከሆነ ጡት በጣም የሚያመው ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ስለዚህ ቢቻል ከወር አበባ በኋላ ባለው ሳምንት መነሳት ሕመሙን ይቀንሳል። ይህን ምክንያት አድርገው ግን ቀጠሮ አያስተላልፉ። እብጠት ላለባት ሴት የሚሻለው ቀን በቶሎ የተገኘው ቀን ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ አስቀድመው ይናገሩ፤ በአልትራሳውንድ መጀመር ይመረጣል። የሚያጠቡ ከሆነም ምርመራው አይከለከልም። ከመግባትዎ በፊት ልጅዎን አጥብተው ወይም ወተቱን አልበው ጡትዎን ቢያቀሉ ምስሉም ይጠራል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ቀደም ሲል የተነሷቸው የጡት ምስሎች ካሉ ፊልሙንም ወረቀቱንም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ የዛሬውን ከቀድሞው ጋር ሲያስተያይ ነው አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን በደንብ የሚያውቀው።

በክፍሉ ውስጥ የሚሆነው

የራጅ ባለሙያዋ በመጀመሪያ ዕድሜዎን፣ እብጠቱን መቼ እንዳገኙት፣ በቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የማህፀን እንቁልጢ ካንሰር የነበረበት ሰው መኖሩን ትጠይቅዎታለች። ባለሙያው ወንድ ሆኖ ካልተመቸዎ ሴት ባለሙያ እንድትኖር መጠየቅ መብትዎ ነው። ከዚያ እብጠቱ ያለበትን ቦታ በጣትዎ እንዲያሳዩ ይደረጋል። በዚያ ቦታ ቆዳ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ትለጠፍ ይሆናል። ዓላማዋ እርስዎ የዳሰሱትና በምስሉ የሚታየው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ማሽኑ ቁመት ያለው ሲሆን እርስዎ ቆመው ነው የሚነሱት፤ መቆም የሚቸገሩ ሰዎች ተቀምጠው ሊነሱ ይችላሉ። ባለሙያዋ ጡትዎን በጠፍጣፋው መደብ ላይ ታስቀምጣለች። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሰሌዳ ቀስ ብሎ ይወርድና ጡቱን ጫን ይለዋል። «አይተንፍሱ» ትባላለች፤ ማሽኑ ያነሳል፤ ሰሌዳው ወዲያው ይለቃል። የሚጫነው ለሰከንዶች ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጡት አንድ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ደግሞ ከጎን አግድም፣ በድምሩ ሁለት ሁለት ምስል ይነሳል። እብጠቱ በአንድ ጡት ላይ ብቻ ቢሆንም ሁለቱም ይነሳሉ፤ አንዱ ለሌላው ማነጻጸሪያ ነው።

በምርመራ ማሞግራፊ ላይ ከእነዚህ አራት ምስሎች ሌላ ተጨማሪ መኖሩ የተለመደ ነው። ባለሙያዋ አነስ ባለ ሰሌዳ እብጠቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ጫን አድርጋ፣ ወይም የካልሲየም ነጠብጣቦችን ለማየት አጉልታ ልታነሳ ትችላለች። ልብስዎን ለብሰው ከተቀመጡ በኋላ «እንደገና ይግቡ» ቢባሉ አይደንግጡ። አንድ ሥፍራ በግልጽ እንዲታይ ተፈልጎ ነው። ሁሉም ነገር በአብዛኛው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ያነሳችዎትን ባለሙያ «ምን አየሽ?» ብለው ቢጠይቋት መልስ ላታገኙ ትችላላችሁ። የፊቷንም ሁኔታ እያዩ ትርጉም አይፈልጉለት። ምስሉን የማንበብና ውጤቱን የመጻፍ ኃላፊነት ያለበት የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ነው።

ያማል? ጨረሩስ?

መጨነቁ ደስ አይልም፤ አንዳንድ ሴቶች ያማል ይላሉ፣ አንዳንዶች ደግሞ ከጠበቁት በታች ሆኖ ያገኙታል። ሕመሙ ከበረታ ለባለሙያዋ ይንገሯት፤ ታላላዋለች። ጡት የሚጫነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተጣጠፈ ነጠላ ላይ ያለች ቀዳዳ የምትታየው ሲዘረጋ ነው። የጡት ሥጋም ተደራርቦ ሲነሳ ትንሽ ዕጢ ትሸሸጋለች፤ ሲዘረጋ ግን ትገለጣለች። የሚያስፈልገው የጨረር መጠንም ያንሳል። ይህን ጡትን ጫን አድርጎ የማንሳት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቁት ራውል ሌቦርኝ የተባሉ የኡራጓይ ሐኪም ናቸው፤ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ጥቅሙ ስለተረጋገጠ ነው። ማሽኑ ዕጢን አያፈነዳም፣ ካንሰርንም አያሰራጭም።

ጨረሩን በተመለከተ አንድ ሙሉ ማሞግራፊ የሚሰጠው መጠን ማንኛችንም ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በሰባት ሳምንት ገደማ ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይቀራረባል። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ አይቀርም። ከክፍሉ እንደወጡ ልጅዎን ማቀፍም ማጥባትም ይችላሉ።

አልትራሳውንድ ለምን ተጨመረ?

ብዙዎች ሁለት ምርመራ መታዘዙን «ነገሩ ስለከፋ ነው» ብለው ይተረጉሙታል። እንዲያ አይደለም። ሁለቱ የሚያዩት የተለያየ ነው። አልትራሳውንድ እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ይሁን ድፍን ሥጋ በደንብ ይለያል። ማሞግራፊ ደግሞ በአልትራሳውንድ የማይታዩትን ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣቦች ያሳያል።

ዕድሜም ይወስናል። ከ30 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ብዙውን ጊዜ በአልትራሳውንድ ይጀመራል። በ30ዎቹ ውስጥ ላለች እንደ ሁኔታው በአንዱ ይጀመራል። 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነች ማሞግራፊ ይቀድማል፣ አልትራሳውንድ ይከተላል። ምክንያቱ የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በማሞግራፊ ላይ ነጭ ሆኖ መታየቱ ነው። ዕጢም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። በነጭ ጋቢ ላይ የወደቀችን ጥጥ ከሩቅ መለየት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ በእንዲህ ዓይነት ጡት ውስጥ ያለች ዕጢም ታስቸግራለች። በሀገራችን የጡት ካንሰር ከምዕራባውያን ሀገራት ይልቅ በወጣትነት ዕድሜ የሚያገኛቸው ሴቶች ብዙ በመሆናቸው ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

በውጤቱ ላይ ያለው ቁጥር

በውጤት ወረቀትዎ መጨረሻ ላይ ባይራድስ የሚባል መለኪያና ከ0 እስከ 6 የሆነ ቁጥር ሊያዩ ይችላሉ። ቁጥሩ የካንሰር ደረጃ አይደለም። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ጥርጣሬው ምን ያህል እንደሆነ፣ ቀጥሎም ምን መደረግ እንዳለበት ለላከዎት ሐኪም የሚናገርበት ቋንቋ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው 0 ነው። አንዳንድ ሰዎች «ዜሮ ከሆነ ምንም የለም ማለት ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ትርጉሙ ግን ምርመራው አልተጠናቀቀም፣ ተጨማሪ ምስል ወይም የቀድሞ ፊልም ያስፈልጋል ማለት ነው። 1 ምንም የተለየ ነገር አልታየም፣ 2 ደግሞ የታየው ነገር ጉዳት የሌለው ነው ማለት ነው። 3 ጉዳት የሌለው የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ሲሆን፣ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ ከሁለት አይበልጥም። ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እንዲታይ ይቀጠራል።

4 አጠራጣሪ ስለሆነ ናሙና ይወሰድ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከመቶ ከሁለት በላይ ጀምሮ እስከ 95 ድረስ ያለውን ሰፊ የጥርጣሬ መጠን ስለሚያጠቃልል፣ 4 ተብለው ናሙናቸው ንጹህ የሆነ ብዙ ሴቶች አሉ። 5 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ ነው፤ እርሱም ቢሆን በናሙና መረጋገጥ አለበት። 6 የሚጻፈው ካንሰር መሆኑ አስቀድሞ በናሙና ለታወቀ ሰው ብቻ ነው።

«ምንም የለም» ቢባልስ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህ ይሁን። ማሞግራፊው ንጹህ ሆኖ፣ እብጠቱ ግን አሁንም በእጅዎ የሚዳሰስ ከሆነ ጉዳዩ አልተዘጋም። በልየታ ማሞግራፊ ላይ እንኳ ከስምንት የጡት ካንሰሮች አንዱ ያህል ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ይዘው ወደላከዎት ሐኪም ይመለሱ፤ ሐኪሙም እብጠቱን እንደገና ይዳስስ። ምስሉና ዳሰሳው ካልተስማሙ አልትራሳውንድ ይጨመራል፣ አስፈላጊ ከሆነም ናሙና ይወሰዳል። «ማሽኑ ነጻ ብሎኛል» ብለው እያደገ የሚሄድን እብጠት ይዘው ቤት አይቀመጡ።

ናሙና ከተባለ

ካንሰር መሆን አለመሆኑን በእርግጠኝነት የሚናገረው ናሙናው ነው። ቦታው በማደንዘዣ መርፌ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ውስጧ ክፍት በሆነች መርፌ፣ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ከእብጠቱ ጥቂት ቀጫጭን ቁራጮች ይወሰዳሉ። መሣሪያው ሲወስድ ቀጭ የሚል ድምፅ ስላለው አስቀድመው ቢያውቁት አያስደነግጥዎትም። ሆስፒታል ማደር አያስፈልግም። ቦታው ለጥቂት ቀናት ሊበልዝና ሊያም ይችላል። ናሙናው በፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ይታያል። «ካንሰር መርፌ ወይም ቢላዋ ከነካው ይባባሳል» የሚለው ወሬ ብዙ ሴቶችን ከዚህ ደረጃ ላይ መልሷቸዋል። ናሙና ስለተወሰደ በሽታው አይባባስም። ሳይወሰድ ሲቀር ግን ሐኪሙ የትኛውን ሕክምና መስጠት እንዳለበት አያውቅም።

ጠበል የሚጠመቁ ወይም ዱዓ የሚያስደርጉ ከሆነ ጸሎቱንም ሕክምናውንም አብረው ያስኬዱ። አንዱን ለመጀመር ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ቀኑን ይቁጠሩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። ይህን ቁጥር ለራስዎም ይያዙት። ማሞግራፊ በየከተማው አይገኝም፤ ወረፋም ወጪም አለው። መጀመሪያ ወደ ሐኪም የሄዱበትን ቀን ይጻፉ። ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባሉ ሌላ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ቀጠሮው ከራቀ ማዘዣውን ወደጻፈው ሐኪም ተመልሰው ያሳውቁ። የውጤት ወረቀቱንና ፊልሙን እርስዎ ዘንድ በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

ባሎች፣ ልጆች፣ እህቶችም ድርሻ አላችሁ። የታመመችውን ሰው ብቻዋን አትላኳት። ወረፋ ላይ አብሯት የሚቆም፣ ሐኪሙ ያለውን አብሮ የሚሰማ አንድ ሰው ካለ ቀጠሮ የማጣት ነገር ይቀንሳል።

ከእኚያ እናት በኋላ ማዘዣ በጻፍኩ ቁጥር ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር እናገራለሁ። ይህ ወረቀት ካንሰር አለብዎት አይልም። ማሽኑ ጫን ይላል፣ ግን ለሰከንዶች ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይዘውት ወደ እኔ ይመለሱ። የእርስዎ ሐኪም ይህን ሳይነግርዎ ወረቀቱን ብቻ ከሰጠዎት፣ ከወንበሩ ሳይነሱ ይጠይቁት። በር ላይ ወረፋ ቢኖርም ይጠይቁት።